ቀበቶ የታሰረለት ድስት

እና ይጮሃል፣ ድስቱ አይደለም መኪናው ነው፣ ድስቱን ሰው መስሎት፣ ፊት ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ ቀበቶ አላሰረም እያለ ጢጥ ጢጥ ጢጥ፣ ይህን ያህል ይከብዳል ማለት ነው፣ ማሽኑን አታለለው፣ እኔንም ያታለለኝ ክብደቱ ነው፣ ብረት ድስት ከከበደ ጥሩ ነው፣ አያሳርርም፣ እሳቱን ይዞ ያቆያል፣ ማን ነው ይህን ያስተማረኝ፣ ሁሉም፣ ማንም። መብራት ይዞኛል። እጄን እዘረጋና ቀበቶውን ስቤ በሆዱ ላይ አስርለታለሁ። ዝም።

አንቺ ስምረት፣ ይላሉ ከኋላ እትዬ አልጣሽ፣ ለድስት ቀበቶ ታስሮለት ፊት ተቀምጦ እኔ ከኋላ እንደ ጓዝ? እትዬ ኋላ ነው የክብር ቦታው፣ ባለሥልጣን ሁሉ ኋላ አይደል የሚቀመጠው? አይ ምላስሽ፣ ይላሉ፣ እና ድስቱን ወዴት ነው የምትወስጂው? ለሰው ላደርስ ነው። ለማን? ለሰው ነዋ እትዬ፣ ድስት ለማን ይደርሳል። በመስታወቱ አያቸዋለሁ፣ ነጠላቸውን በልጃቸው ጃኬት ላይ ደርበው፣ ልጄ ሳሌም ያዘጋጀችውን የወረቀት ከረጢት ጭናቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንቁላል የያዙ ነው የሚመስሉት። ከረጢቱ ውስጥ ኩላቸው አለ።

ኩሉ ነው። ኩሉ መሆን አለበት። አምላኬ፣ ኩሉ ይሁን፣ እንዲህ ተብሎ ይጸለያል? የሰውን ኩል መርዝ አድርግልኝ ተብሎ?

የኮልፋክስ ጎዳና ዛሬ አያልቅም፣ ከኦሮራ ስወጣ የጀመረው በረዶ መጥረጊያው ላይ እየተጠራቀመ፣ መጋቢት አይደል እንዴ፣ ዛፎቹ አብበው በረዶ ይጥላል፣ ይህ አገር ሐሳቡን መወሰን አይችልም፣ እኔስ እችላለሁ? ድስቱን ጭኜዋለሁ፣ አውርደዋለሁ አላልኩም። መጫን ሌላ ማውረድ ሌላ። ሳሌም ስትደውል፣ እማ፣ ልጅቷ የምትነካውን፣ ፊቷ ላይ የሚደረገውን፣ የምትበላውን ቅመም፣ ኤቭሪቲንግ፣ ሁሉንም ውሰጂ ብላኛለች፣ ቤሪቤሪውን ሳይቀር፣ በርበሬ እንኳ በወጉ አትልም የኔ ልጅ፣ ድስት ግን አላለችም። ድስቱን አታውቀዋማ። ድስቱ እኔ ቤት ነው፣ አጥሚቱ በፔርሙዝ ነው የሚሄድላት፣ ፔርሙዙን ታውቃለች፣ ፔርሙዙንም ከረጢቱ ውስጥ ከትታዋለች፣ ምስኪን፣ ፔርሙዝ ምን አደረገ።

ልዕልትዬ። የሳሌም ልጅ፣ የእኔም የእትዬ አልጣሽም የልጅ ልጅ፣ አንዲት ሕፃን ለሁለት አያት፣ ዓመት ሲሞላት ክሊኒኩ ጣቷን ወጋ፣ ለሁሉም ሕፃን የሚደረግ ነው አሉ፣ ከዚያ ደወሉ፣ እንደገና አምጧት፣ ከክንዷ ቀዱ፣ እንደገና ደወሉ። ደሟ ውስጥ እርሳስ አለ። የሚጻፍበት አይደለም፣ ብረቱ፣ ለስላሳው፣ በጥፍር የሚጫረው፣ እና ዶክተሯ ቀስ ብላ፣ እንደ ሕፃን አድርጋ ለእኛ፣ ንግግሯን ሊያዘገይ ይችላል፣ ትኩረቷን ሊነካ ይችላል፣ ምንጩ ከተገኘና ከቆመ ግን ይቀንሳል፣ ይችላል ይችላል፣ ይህች ቃል አንገቴ ላይ ተጠምጥማለች። ልጅቷ አባባ ትል ነበር። ውሻ ስታይ ዉዉ ትል ነበር። አሁን ዝም ብላ ታያለች፣ ወይስ ድሮም ዝም ብላ ታይ ነበር እና አሁን ነው የምቆጥረው? ትናንት ኳስ እያሳየሁ ኳ በይ፣ ኳ በይ እናቴ ስላት አፌን ታያለች፣ አፌን ብቻ፣ ውስጡ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል።

ደግሞ እኔ ነኝ ይህን ብረት የማላውቀው? እኔ! በየክርስትናው በየማኅበሩ ያላደነቆርኩት ሰው አለ? የምነዳውን ስኩል ባስ አቁሜ ተማሪዎቹ እስኪለቀቁ መሪው ላይ መጽሐፍ ዘርግቼ የማነበው ምንድን ነው፣ የሜዲትራኒያን ሰዎች ምን ሸጡ፣ ምን ገዙ፣ በምን ጫኑ፣ ከምን አቀለጡ፣ ላይብረሪው ውስጥ ያለውን ሁሉ ጨርሼ የለም? ብር ያለበትን ድንጋይ ከተራራ ቆፍረው ሲያቀልጡት ብሩ ጭብጥ አይሞላም፣ እርሳሱ ግን ክምር ነው። ብሩ ለነገሥታቱ ሄደ፣ የተረፈው ረከሰ፣ የረከሰ ነገር ደግሞ መንገድ አያጣም፣ ጡብ ጡብ አድርገው በመርከብ ሆድ ጭነው ከባሕር ባሕር አዞሩት፣ ቧንቧ አደረጉት፣ መልሕቅ አደረጉት፣ ድስት አደረጉት። ድስት! የወይን ጭማቂ በመዳብ ካፈሉት ይመራል፣ በእርሳስ ሲፈላ ግን ይጣፍጣል፣ ኮምጣጣው እርሳሱን እየላሰ ጣፋጭ ያደርገዋል፣ እና እያጣፈጡ ጠጡት፣ ለልጅም ለአዋቂም። ያውቁ ነበር እኮ፣ እርሳስ የሚያቀልጡት ሰዎች ፊታቸው አመድ እንደሚመስል አይተው ጽፈዋል፣ አውቀው ጠጡ፣ ምን ዓይነት ደንቆሮዎች ናቸው እያልኩ፣ እማ ሮማውያንሽን ደግሞ ጀመርሽ ትለኛለች ሳሌም፣ እኔ እቀጥላለሁ፣ ጭሱ እንኳ ሰሜን ዋልታ ድረስ ሄዶ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ተገኝቷል እላለሁ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ እሳቱ ላይ ድስቴ እየፈላ።

እየፈላ። ዱቄቱን ማታ በውኃ በጥብጬ እዚያው ድስቱ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ሲል ነው አጥሚት የሚሆነው፣ ለሆዷ ይስማማታል፣ ጠዋት ባሱን ልነዳ ስወጣ ቅቤ ጣል አድርጌበት በፔርሙዝ። ኮምጠጥ ሲል። አንብቤዋለሁ እኮ፣ በእርሳስ አስምሬበታለሁ እኮ! ኮምጣጣው ይልሰዋል፣ ጣፋጭ ያደርገዋል፣ እና እንዴት ትወደው ነበር፣ የሳሌምን ኦትሚል ትተፋለች የእኔን ግን ማንኪያውን በድዷ ነክሳ አትለቅም፣ አየሽ፣ የአያት እጅ አየሽ እላለሁ ለሳሌም፣ ሰው ፊት እላለሁ። እጄ አልነበረም ይሆናል። የጣፈጣት እጄ አልነበረም ይሆናል።

ምን ሆነሻል ቀዩ መብራት ላይ ልትገቢ! ይላሉ እትዬ አልጣሽ፣ ፍሬኑን እረግጣለሁ፣ ድስቱ ወደ ፊት ሊሄድ ሲል ቀበቶው ይይዘዋል፣ እንግዲህ ዳነ፣ እሱ አይጎዳ።

ምንም አልሆንኩም፣ አልፈራሁም እትዬ። እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ ይላሉ። እንዲሁ፣ ልክ ብርድ ነው እንደሚሉት። እኔ ግን ፈርቻለሁ ስምረትዬ፣ ስድስት ልጅ ኩዬ አሳድጌ፣ በብልቃጥ የመጣ የእናቴ ኩል፣ ዓይኗን ያጠራዋል፣ የሰው ዓይን አያገኛትም ብዬ እንጂ ቆንጆ ትሁን ብዬ መሰለሽ? ቆንጆ ናት ድሮም። አውቃለሁ እትዬ። አታውቂም፣ ይላሉ፣ ብታውቂ ያን ቀን ኩሉ ነው ብለሽ አትጮሂም ነበር።

ጮሄያለሁ። ዶክተሯ ስልኩን ሳትዘጋ፣ ኩሉ ነው፣ እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ግብፆች ይኳሉት የነበረው ያው የእርሳስ ድንጋይ ነው፣ ከቀይ ባሕር ዳር ነው ቆፍረው የሚያመጡት፣ ነገሥታቱ መቃብራቸው ውስጥ ሳይቀር ይዘውት ገብተዋል እያልኩ፣ ሌክቸር፣ ሳሌም እያለቀሰች፣ አዶኒያስ በእናቱና በሚስቱ መሃል ቆሞ ጫማውን እያየ። ለምን ቸኮልኩ? አሁን ነው የገባኝ ወይስ ያኔም ገብቶኛል፣ ሆዴ ከአፌ ቀድሞ ድስቱን አይቶታል፣ አፌ ሮጦ ኩሉ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን አላሳቀፏቸውም። ሻንጣቸውን በር ሥር አቁመውታል፣ አገሬ ልግባ እያሉ፣ አራስ ለማረስ የመጡ ሴትዮ እንደ ሌባ ሊሄዱ።

ድስቱን ከአገር ቤት ያመጣሁት እኔው ነኝ፣ ሁለት ነበሩ። ከቦሌ ስነሳ ሻንጣው ሚዛን አለፈ፣ ልብሴን፣ ጫማዬን፣ እህቴ የሰጠችኝን ጥበብ ሳይቀር እዚያው አራግፌ ድስቶቹን ይዤ መጣሁ፣ ነጋዴ ማለት እኔ። ብረት አቅላጩ በር ላይ ቆሜ ሲሠሩት አይቼ የለም? ቁራሌ ያመጣውን፣ የመኪና ራዲያተር፣ የሞተር ቁርጥራጭ፣ የሽቦ ልጣጭ፣ ምኑም ምኑም በአንድ እሳት፣ ገንፎ ሲመስል አሸዋ ቅርጽ ውስጥ ያፈሱታል፣ እንዴት ያምር ነበር፣ የቀለጠ ፀሐይ ነው የሚመስለው። ራዲያተሩስ ከየት መጣ? በመርከብ፣ ከዚሁ፣ እዚህ ኮልፋክስ ላይ ከተጋጨ መኪና ይሆናል፣ ማን ያውቃል፣ የተሻለው ተወስዶ የተረፈው በሜዲትራኒያን አልፎ በቀይ ባሕር ወርዶ ጅቡቲ ላይ ተራግፎ፣ ቀልጦ፣ ድስት ሆኖ፣ ከዚያ እኔ ሞኟ በሻንጣ ጭኜ ወደመጣበት መለስኩት፣ ጉምሩክ እንኳ ዋት ኢዝ ዚስ ሲለኝ ኩኪንግ ብዬ ስቄ። ያ ባሕር አልደረቀም፣ ያቺ መርከብ አልቆመችም፣ ይኸው ቀበቶ ታስሮላት ፊት ወንበር ላይ።

ሁለተኛው ድስት እንደ ልጄ የማያት ሓየት ጋ ነው። እዚያ ሴንቴኒያል ነው የምትኖረው። መንታ ስትወልድ አንዱን ለእኔ አንዱን ላንቺ ብዬ ወሰድኩላት፣ እልል አለች፣ እትዬ ስምረት እንዲህ ያለ ድስት እዚህ የት ይገኛል አለች። የት ይገኛል።

አታስቢው። ፓርክ አድርጊ።

ካፒቶል ሂል፣ ድሮ ስመጣ የተከራየሁበት ሰፈር፣ ቢሮው ከድሮው አፓርታማዬ ማዶ ነው፣ ዕቃ የሚመረምሩበት፣ ነፃ ነው አሉ፣ የሕፃን ልጁ ደም ውስጥ እርሳስ ለተገኘበት ሰው። ሞተሩን አጠፋለሁ። ድስቱን አላየውም። ይወርዳል እንዴ እሱ? ይላሉ እትዬ አልጣሽ። እሱ ይቆይ። ክንዳቸውን እይዛለሁ፣ በረዶው ያንሸራትታል፣ ክንዳቸው ምንም የለውም፣ አጥንት ብቻ፣ ከረጢቱን ስጡኝ ብላቸው አልሰጥም ይላሉ፣ ኩሌን ራሴ ነኝ የማስፈርድበት።

የቢሮው ሴትዮ ወጣት ናት፣ ፀጉሯን ብርቱካንማ ቀብታዋለች፣ ጓንት አድርጋለች፣ የምትመረምርበት ዕቃ ሱፐርማርኬት ዋጋ የሚያነቡበትን ይመስላል፣ ሽጉጥ ሽጉጥ ይላል፣ ዕቃው ላይ ትደግነዋለች፣ ትጠብቃለች፣ ስክሪኑ በቁጥር ያወራል። ጠመንጃ ነው ያመጣችብን? ሲሉኝ፣ ራጅ ነው እትዬ፣ የብረት ራጅ። እርዱ ንጹሕ። በርበሬው ንጹሕ። ፔርሙዙ ንጹሕ፣ የፕላስቲክ ዳክዬዋ ንጹሕ፣ ንጹሕ በተባለ ቁጥር የቀረውን እቆጥራለሁ፣ እየቀነሰ ነው፣ ጥፋቱ የሚያርፍበት ቦታ እየቀነሰ ነው።

ኩሉ።

እትዬ አልጣሽ ብልቃጡን ራሳቸው ያስቀምጡላታል፣ ክዳኑን ራሳቸው ይከፍታሉ፣ መኳያዋን በነጠላቸው ጠርገው አጠገቡ ያጋድማሉ። ትደግናለች። ይህ ረዘመ ወይስ እኔ ነኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ የመኪናውን ቁልፍ እየጨመቀ ነው፣ ይሁን፣ ይሁን፣ ኩሉ ይሁን፣ ሴትዮዋ ቅንድቧን ታነሳና እንደገና ትደግናለች፣ ከዚያ ጓንቷን እያየች፣ ኦኬ፣ ትላለች፣ ግማሽ ያህሉ እርሳስ ነው፣ በጣም ብዙ ነው፣ ልጅቷ እጇን ወደ ዓይኗ፣ ከዓይኗ ወደ አፏ ስታደርግ፣ ይህ ብቻውን ይበቃል፣ አይ ቲንክ ዊ ፋውንድ ኢት፣ አገኘነው። እና ፈገግ ትላለች፣ ደግ ፈገግታ፣ በቃችሁ የሚል።

ተገኘ። ሆዴ ውስጥ እልል የሚል ነገር ብድግ ይላል፣ አፌ ድረስ፣ እኔ አይደለሁም፣ እኔ አይደለሁም፣ ጸሎቴ ተሰማ፣ ድስቱ ማታ ጋርቤጅ፣ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል፣ ማንም ሳይሰማ፣ አዲስ ድስት እገዛለሁ፣ አበቃ።

ምን አለች? ይላሉ እትዬ አልጣሽ።

እንግሊዝኛ አይችሉም። እዚህ ክፍል ውስጥ ጆሯቸውም አፋቸውም እኔ ነኝ፣ ያልኩትን ብል ያው ነው የሚሆነው። ምን አለች ስምረት? እኔ ነኝ አይደል? አትደብቂኝ። እትዬ ይቀመጡ። ቆሜ እሰማለሁ። አለበት እትዬ፣ ኩሉ እርሳስ አለበት። ብልቃጡን ያዩታል። አይጮሁም፣ አያለቅሱም፣ የምፈልገው እንዲጮሁ ነበር፣ ቢጮሁ እጮህባቸው ነበር። ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ዓይን ያነሳሉ፣ የኩሉ ጠርዝ አሁንም አለ፣ እና ቀስ ብለው፣ ለእኔ ሳይሆን፣ ሦስተኛዋ ልጄ፣ ይላሉ፣ ቶሎ አልተናገረችም ነበር፣ ብዙ ቆየች፣ ሲሰድቧትም አይገባት፣ የእግዜር ሥራ ነው ብዬ።

ወለሉ ላይ የበረዶ ውኃ ከጫማችን ተጠራቅሟል። እነዚህን ሴትዮ ምን አደረግኳቸው። አንድ ልጅ ነበረ የሚፈሩለት፣ አሁን ሁለት ሆነ። እና ተሸክመውት ይሄዳሉ፣ ሙሉውን፣ የእኔንም ድርሻ፣ በሻንጣ፣ ሚዛን አያልፍም ይሄ። ማታ ጣልኩት እንበል፣ ለሳሌም ምን ብዬ? ዶክተሯ ምንጩ ተገኘ ብላ ብትጽፍ፣ ደሟ ግን በሚቀጥለው ወር እንደታሰበው ባይቀንስ፣ እንደገና ይፈልጉ፣ ግድግዳውን ይፋቁ፣ እኔ ዝም ብዬ በፔርሙዝ፣ አይ በአዲሱ ድስት ነው፣ በአዲሱ፣ ግን ሓየት፣ ሓየት በድሮው ነው፣ መንታዎቹ ጥርስ አውጥተዋል፣ ምን ትመግባቸዋለች፣ እኔ ያስተማርኳትን ነዋ፣ ማታ በጥብጠሽ አሳድሪው፣ ኮምጠጥ ሲል ነው የሚጥመው።

ኤኒቲንግ ኤልስ? ትላለች ባለ ብርቱካኗ፣ ሌላ ዕቃ አለ?

ኖ። አፌ ውስጥ ነው ያለው፣ ክብ፣ ዝግጁ፣ አንድ ፊደል።

በመኪና ውስጥ አለ፣ እላለሁ፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩት አላውቅም፣ ምክንያቱም ሁለቱም ዞረው ያዩኛል።

በረዶው ወፍሯል። ከሕንፃው ጎን ጋርቤጁ አለ፣ ክዳኑ ክፍት፣ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ድስቱን እዚያ ጥዬ መኪናዬ ውስጥ የለም ብዬ ብመለስ ማን ያውቃል፣ ማንም። በሩን እከፍታለሁ። ተቀምጧል። በቀበቶው፣ ልክ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው። ቀበቶውን እፈታለሁ፣ አቅፈዋለሁ፣ ከጡቴ እስከ ሆዴ ይቀዘቅዘኛል፣ ይከብዳል፣ ልዕልት ተኝታ ሲያቅፏት እንደምትከብደው፣ በጋርቤጁ በኩል አልፋለሁ፣ እግሬ ይዘገያል፣ አልፋለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ይጮሃል፣ ያን ደወል የመሰለ ድምፁን፣ ድሮ የምወደውን። እትዬ አልጣሽ ድስቱን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። ለሰው የምታደርሺው አልነበረም? ደርሷል እትዬ። ለማን? የልጅቷን አጥሚት የማፈላበት ነው። አፋቸውን በነጠላቸው ይይዛሉ። ሴትዮዋ ታገላብጠዋለች፣ ከየት መጣ፣ ከምን ተሠራ፣ ስትለኝ፣ ካገኙት፣ እላለሁ፣ ከተረፈው። ውስጡን ትደግናለች፣ መሃል ሆዱ ላይ፣ አጥሚቱ የሚተኛበት። ስክሪኑ ያወራል። አላነበውም፣ ፊቷን ነው የማነበው፣ ልጆችን ለዓመታት በባስ መስታወት ሳነብ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ፊት ይነበባል። ያ ደግ ፈገግታ የለም። ቀና ትላለች፣ አፏን ልትከፍት ነው፣ አይ፣ ቆዪ፣ አትናገሪ።

አንቺም? ይላሉ እትዬ አልጣሽ።

እኔም እትዬ።

እጃቸው ክንዴ ላይ ነው፣ ሊደግፉኝ ይሁን ሊይዙኝ አላውቅም፣ አጥንት ነው ያልኩት እጅ ይጨብጣል። ሴትዮዋ ማውራት ጀምራለች፣ ቁጥር ነው፣ ብዙ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳታበስዪበት፣ ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እሰማታለሁ አልሰማትም፣ ስልኬ በእጄ ነው፣ ጣቴ እርጥብ ስለሆነ ስክሪኑ እምቢ ይለኛል፣ በቀሚሴ ጠርጌ እንደገና፣ ሓየት፣ ሓየት፣ ሓ፣ ይጠራል፣ አንሺው፣ ይጠራል፣ አንሺው ልጄ።

ወዬ እትዬ ስምረት! የት ጠፋሽ አንቺ ሰው፣ አሁን ስምሽን እያነሳሁ፣ ቆይ ስፒከር ላድርግሽ እጄ ተይዟል፣ አንዱ ተርቦ እያበደብኝ ነው፣ ትሰሚዋለሽ? እሰማዋለሁ። ያለቅሳል። ከልቅሶው ኋላ ደግሞ ጭልፋው የድስቱን ጠርዝ ሲመታ፣ ድን፣ ድን፣ ያቺ ድምፅ፣ በአንድ እሳት የቀለጠችው መንትያ፣ ከየትም ብትጮህ የማልስታት።

ሓየት፣ አውርጂው። ምኑን እትዬ? ከእሳቱ አውርጂው። እንዴ፣ አልበሰለም እኮ ገና። ሓየትዬ፣ አታቅምሻቸው፣ አንዲት ማንኪያ እንዳታቀምሻቸው፣ ጭልፋውን አስቀምጪና ስሚኝ፣ እኔ ነኝ